የሃርማቫራ ጥሩምባ

ከታይሚ ኩርቪነን ጋር ሰባት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ተምረናል። በሰባቱ ዓመት ከአፏ የሰማሁት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «መንገድ!»። እሱንም ያለችኝ ፊት ለፊት አይደለም፣ ከጀርባዬ ነው።

ከእኛ መንደር ከሃርማቫራ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ሐይቁን አቋርጦ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ነበር። ክረምት ሲሆን ሁላችንም የምንሄደው በስኪ ነው፣ እግር ላይ በሚታሰር ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ። በበረዶው ላይ የታተመው መስመር አንድ ብቻ ነው፣ ሁለት እግር የሚያስገባ ጠባብ ቦይ። ከኋላ ፈጥኖ የመጣ «መንገድ!» ይላል፤ ፊት ያለው ከመስመሩ ወጥቶ ያሳልፋል። ሕጉ ይኸው ነው። ቄስም ቢሆኑ ይወጣሉ፣ ፖሊስም ቢሆን ይወጣል። እኔ ኦስሞ ደግሞ በየማለዳው እወጣ ነበር። መስመሩን የለቀቀ ሰው ለስላሳው በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። አስተማሪያችን «ኦስሞ፣ ሱሪህ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚረጥበው?» ብለው በክፍሉ ፊት ሲጠይቁኝ «ታይሚ» ብዬ መለስኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

የእንጨት ቆራጭ ልጅ ናት፣ ከስድስቱ የመጨረሻዋ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በኩርቪነን ቤት ወርቁ ተትረፍርፎ ነበር። በዚያ ቤት ምሳ በልቼ አውቃለሁ። ውስጡ ዓሣ የተጋገረበት ጥቁር ዳቦ ነበር፤ ስምንት ሰው ሲያኝክ ሰማሁ፣ ሌላ የሰማሁት ነገር የለም።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ በስኪ ውድድር አውራጃውን አሸነፈች። በሃያ ሁለት ዓመቷ አገሩን አሸነፈች፣ ከዚያም አራት ጊዜ ደገመችው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከውጭ አገር የነሐስ ሜዳሊያ ይዛ መጣች። በዚያን ዘመን ተወዳዳሪ የሚለቀቀው በየሠላሳ ሰከንዱ አንድ አንድ እየተባለ ነው። ከሰው ጋር የምትወዳደር አይመስልህም። ጫካ ውስጥ ብቻህን ነህ፤ መቅደም አለመቅደምህን የምታውቀው ዳር የቆመ ሰው ሰዓት አይቶ ሲጮህልህ ነው። ታይሚ ግን ከፊቷ የተለቀቁትን እየደረሰችባቸው ታልፍ ነበር፣ አራቱንም አምስቱንም፤ በያንዳንዳቸው ጀርባም ያን ቃል ትለቀዋለች። አንድ ጊዜ መንደሩ በሙሉ በሱቁ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲሰማ፣ ድምፅዋ ከጥዶቹ መሐል ወጥቶ በማይክሮፎኑ ገባ። አስተላላፊው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ይቺ ደግሞ የሃርማቫራ ጥሩምባ ናት» አለ። ስሙ በዚያው ጸና። እናቷ ከሬዲዮኑ አጠገብ ቆመው ነበር። «ቁርሷን በልታለች ማለት ነው» አሉና ዱቄታቸውን ገዝተው ወጡ።

ለአሸናፊ ሴት ያን ጊዜ የሚሰጠው የብር ማንኪያ ነው። ታይሚ ሠላሳ ስምንት ማንኪያ አላት። አንድ ክረምት የውኃ ቧንቧዋ ቀዝቅዞ ላግዛት ስገባ መሳቢያ ውስጥ አየኋቸው፣ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ያለው ግን አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያና አንድ ተራ ማንኪያ ነው። ቧንቧውን ጠግኜ ወጣሁ፤ የእኔም ቤት ዕቃ ማጠቢያ ከዚያ የተለየ አልነበረም።

አግብታ ነበር። ሰውዬው የደቡብ ሰው፣ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ነው። አራት ዓመት ቆየች። በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ዳሌዋ አልታዘዝ ካላት በኋላ፣ አንድ ሻንጣና ስድስት ጥንድ ስኪ ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት የለም። እኛ አንጠይቅም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ሌላም ነገር አይገባም።

ከዚያ ጀምሮ የመንደሩ ልጆች አሠልጣኝ ሆነች። መንደሩም አከበራት፤ ነገር የመጣው በዚሁ አክብሮት ነው። ታይሚ ከሩቅ ስትመጣ ያየ ሁሉ፣ ሳትጮህም፣ ሳትቀርብም፣ ከመስመሩ ወጥቶ በረዶው ውስጥ ይቆማል። ሻምፒዮኗ ይለፉ ነው ነገሩ። ፍጥነቷን ብትቀንስም ቆመው ይጠብቃሉ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያሳልፏታል። እኔም አሳልፌያታለሁ። ሠላሳ ዓመት በዚያ መስመር ላይ ከፊቷም ከኋላዋም ሰው ሳይኖር ሄደች ማለት ነው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እያልን እንቀልድባት ነበር፣ ከጀርባዋ።

መጀመሪያ አሥራ ስድስት ልጆች ነበሯት። በሐምሌ፣ ትንኙ ሰውን አንሥቶ ሊወስድ በሚደርስበት ወቅት፣ ቦቲ አስጫምታ ረግረግ ለረግረግ ታስሮጣቸዋለች። በኅዳር ስኪ የሚቀባበትን የሰም ዓይነት ታስጠናቸዋለች፤ ለዚህ ቅዝቃዜ ይህን ሰም፣ ለዚያ ያንን። አታመሰግንም። ከአፏ የሚወጣው ትልቁ ሙገሳ «ከትናንቱ ይሻላል» የሚል ነው። ልጆቹ አድገው አንድ በአንድ ወደ ደቡብ ሄዱ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። በመጨረሻ ሚንቱ ብቻ ቀረች።

ሚንቱ የግንድ ጫኝ መኪና ሹፌር ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ መጣች፤ አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው አሥራ ዘጠኝ ሲሆናት ነው። በዚህ አገር አንቱታ ድሮ ቀርቷል፤ የሰባት ዓመት ልጅም የሰባ ዓመት ሽማግሌን አንተ ይላል፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ሚንቱ ታይሚን «አሠልጣኝ» ትላታለች፤ ከዚያ አንቺ ነው። ዝምታቸው ገጠመ። አሥር ዓመት ሙሉ ሁለቱ የተነጋገሩት ሁሉ ቢጻፍ አንድ የፖስታ ካርድ አይሞላም፤ ነገር ግን ታይሚ ልጅቷ በምትመጣበት ቀን ጠዋት ደጃፏን ስትጠርግ አይ ነበር።

ልጅቷ ፈጣን ናት። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏታል፤ መጮኽ አትችልም። የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን በሚመረጥበት ውድድር፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ፣ ከፊቷ የተለቀቀችውን ልጅ ሽቅብ ላይ ደረሰችባት። መጮኽና ማለፍ ብቻ ነበር የቀራት። እሷ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝም ብላ ተከተለቻት። በአንድ ሰከንድ ከአራት አሥረኛ ከቡድኑ ቀረች።

ታይሚ ሁለቱን ያመጣሁበት መኪናዬ አጠገብ ቆማ ጠየቀቻት።

«ለምን አልጮኽሽም?»

«ታለቅስ ነበር።»

«ማን?»

«ከፊቴ የነበረችው። እያለቀሰች ነበር የምትሄደው። በዚያ ላይ ደግሞ ልጩኽባት?»

ታይሚ ስኪዎቹን መኪናው ላይ መጫን ጀመረች። እኔ ግን አላስቻለኝም። «አንቺ ልጅ! ስታልፊያት መሐረብ ሰጥተሻት አታልፊም ነበር?» አልኳት። ሚንቱ ፈገግ አለች። ታይሚ አልሳቀችም። የዕድሜው ገደብ ሃያ ነው፤ የቀረው ሁለት ክረምት ነው። ከተመረጠች ደግሞ ማሠልጠኛው በደቡብ ነው፣ ስምንት ሰዓት በባቡር። ልጅቷ ከጮኸች ትሄዳለች፣ ካልጮኸች ትቀራለች። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አያወራውም።

ያ የመጀመሪያው ክረምት በልጅቷ ሳንባ ሕመም ባከነ። በሁለተኛው ክረምት መጀመሪያ ታይሚ አንድ ዘዴ አመጣች። የመንደሩን መስመር በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር የማወጣው እኔ ስለሆንኩ ሁሉን አይቻለሁ። ሐይቁን የሚዞረው መስመር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ታይሚ ከፊት ትሆናለች፣ በዚያ በተበላሸ ዳሌዋ፤ ሚንቱ ከኋላ። «እስክትጮኺ አልወጣልሽም» አለቻት። ትምህርቱ ይኸው ነው።

ሚንቱ አልጮኸችም። ብቻዋን ብትሆን በሃያ ሰባት ደቂቃ የምትጨርሰውን ዙር ከአሮጊቷ ጀርባ አንድ ሰዓት ከሩብ እየፈጀችበት ትከተላለች። እሑድ አየኋቸው፣ ረቡዕ አየኋቸው። ገና አለፈ፣ ጥርም አለቀ። አንድ ቀን ሚንቱ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ሞተሬን አጥፍቼ ታይሚን አቆምኳት።

«ይሄ ሥልጠና ነው ወይስ የቀብር ሰልፍ?»

«ሞተርህን ንዳ፣ ኦስሞ።»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ውድድር አለባት እኮ። ሌላ መላ አምጪ። ልጅቷን ከጀርባሽ አስረሽ ክረምቱን ጨረስሽው።»

የስኪ ዘንጎቿን በረዶው ላይ ሰካች። አይታኝ የማታውቀውን ያህል አየችኝ።

«ከኋላዬ ሰው ሲተነፍስ መስማት ደስ ይለኛል» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሆነኝ እኮ። ሁላችሁም ጫካ ለጫካ ትገተራላችሁ፣ ልክ የአስከሬን መኪና እንዳያችሁ። ምን አደረግኳችሁ?»

ያን ጊዜ «እኔ ልከተልሽ» ማለት ነበረብኝ። ስኪዬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ እግሬም ደህና ነው። እኔ ግን «ነገ በረዶ ይጥላል ብለዋል» አልኳትና ሞተሬን አስነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተቆጨሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

በውድድሩ ቀን ሦስታችንም በእኔ መኪና ሄድን። ታይሚ ሰዓቷን ይዛ የመጨረሻው ሽቅብ ላይ ቆመች፤ እኔ ትኩስ የቤሪ ጭማቂ በቴርሞስ ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ሚንቱ የደረት ቁጥሯ ሠላሳ አንድ ነው። ከታች ከጥዶቹ መሐል ቁጥር ሠላሳ ብቅ አለች፣ ትከሻዋ የሰፋ የደቡብ ልጅ። ሁለት ሜትር ያህል ከኋላዋ ሚንቱ። ታይሚ ሰዓቱን አየች። «እኩል ናት ከአራተኛዋ ጋር» አለች በሹክሹክታ፣ ለራሷ። የሚመረጡት አራት ናቸው። አሁን ካላለፈች አለቀ።

«መንገድ!»

እመኑኝ፣ ጥድ ላይ የነበረ ቁራ ተነሥቶ በረረ። የቤሪ ጭማቂውን ጫማዬ ላይ ደፋሁት። የደቡቧ ልጅ ደንግጣ ከመስመሩ ዘለለች፣ ሚንቱም ሽቅቡን በልታ አልፋን ሄደች። እኔ እየዘለልኩ ነው። ዞሬ ታይሚን ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ትችላለች» አለች።

«ምን ጥያቄ አለው! ክረምቱን ሙሉ አስተምረሻት!»

«አላስተማርኳትም። ትችል ነበር።»

ነገሩ የገባኝ በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። ሚንቱ ሦስተኛ ወጥታ የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ታይሚ መንገዱን እያየች ቀስ ብላ «ያዘነችልኝ ነው የመሰለኝ» አለች። «አራት ወር ሙሉ። እኔ እሷን የማስተምራት ይመስለኛል፤ እሷ ደግሞ አሮጊቷ ብቻዋን ከምትሆን ብላ ትከተለኛለች።» አምስት ጊዜ አገር ያሸነፈች ሴት እንደዚያ ስትል መስማት ከባድ ነው። መሪውን ጨብጬ ነዳሁ፣ እንደ ልማዴ።

የጥሪው ደብዳቤ በሳምንቱ ለሚንቱ ደረሰ። መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ጸሎተ ሐሙስ ነው። ሚንቱ ለማንም አልተናገረችም፣ ለአባቷም ጭምር። ታይሚ ዘንድ ግን ከደቡብ ስልክ ተደውሎ ነበርና ታውቃለች። ልጅቷ እሑድም ረቡዕም እንደ ወትሮው መጣች፣ ከኋላዋ ተሰለፈች፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ዞሩ። አንዷ ልሂድ አትልም፣ አንዷ ሂጂ አትልም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ታይሚ ሱቅ ደጃፍ አግኝታኝ «ራሷ ብትጠይቀኝ ምን አለበት?» አለችኝ። «ብትጠይቂያትስ?» አልኳት። «ከጠየቅኳት ትነግረኛለቻ» አለችና ሄደች።

ረቡዕ፣ የጸሎተ ሐሙስ ዋዜማ፣ እኩለ ቀን ላይ መጡ። የጸደይ በረዶ ነው፣ ላዩ የጠነከረ ውስጡ የበሰበሰ። እኔ ሐይቁ ዳር የተበላሸውን መስመር እያስተካከልኩ ነበር። ታይሚ ከእኔ ሃያ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ከዚያ ማንም ሳይጮኽባት ቀኝ እግሯን አነሣች፣ ግራዋን አስከተለች፣ ከመስመሩ ወጣች። እስከ ጭኗ ሰመጠች። በሕይወቴ ታይሚ ኩርቪነን ለሰው መንገድ ስትለቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ሞተሬን አጠፋሁ።

ሚንቱም ቆመች። «ምን ሆንሽ? ማሰሪያሽ ተፈታ?»

«አልተፈታም። እለፊ።»

«አልጮኽኩም እኮ።»

«ክረምቱን ሙሉ አልጮኽሽም። እለፊ።»

«አሠልጣኝ፣ እኔ አልቸኮልኩም።»

«እኔ ቸኩያለሁ። ሐሙስ ነገ ነው።»

ሚንቱ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ከሌላ ሰው ሰምቼ የነገርኳት መስሏት። እኔ አይደለሁም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ከመቼ ጀምረሽ ነው የምታውቂው?»

«ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ትያለሽ?»

«አንቺስ?»

ልጅቷ ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አደረገችው። ድምፅዋ እየተቆራረጠ «እኔ ብሄድ አንቺ ከማን ጋር ...» ብላ ጀመረች።

«ሚንቱ» አለች ታይሚ፣ «እዚህ ውስጥ እግሬ እየቀዘቀዘ ነው። ወይ እለፊ ወይ ማታ እራቴን እዚሁ ታመጪልኛለሽ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ እየሳቀች ዕንባዋ ወረደ። ተራምዳ መጥታ አጠገቧ ስትደርስ ቆም ያለች መሰለኝ። ታይሚ ግን ዘንጓን አንሥታ መስመሩን አሳየቻት። አለፈች። የሐይቁን ዳር ስትይዝ ያ የለመድነው ፍጥነቷ መጣ፣ አራት ወር ታስሮ የቆየው።

«ክርንሽን!» ብላ ጮኸችባት ታይሚ ከኋላዋ፤ የድሮው ጥሩምባ ነው። ሚንቱ ክርኗን አስተካከለች። ከዚያ ከማዶ ባለው ጫካ ተዋጠች።

ታይሚን ከበረዶው ጎትቼ አወጣኋት። ወደ መስመሩ ተመለሰች እንጂ ወደፊት አልሄደችም። ሰዓቷን አየች።

«ልሸኝሽ? ሞተሩ ላይ ውጪ።»

«ትንሽ ልቁም። ዙሩን ጨርሳ በዚህ ትመለስ ይሆናል።»

አብሬያት ቆምኩ። ሃያ ሰባት ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ ሆነ። «በረዶው ከብዷታል» አለች። አርባ ሆነ። ከማዶ ወደ ልጅቷ ቤት የሚወስድ መገንጠያ እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

«መገንጠያውን ይዛለች፣ ታይሚ። ሻንጣዋን እያዘጋጀች ይሆናል።»

«ይዛለች።»

«ደስ አላለሽም?»

ሰዓቷን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። «ደስ ብሎኛል እንጂ» አለች። «በጣም ደስ ብሎኛል። የምነግረው ሰው ነው ያጣሁት።»

ይህን ስትል እኔ ከአጠገቧ፣ ሁለት ሜትር ርቄ ቆሜ ነበር።